የንብ ወዳጆች ግሩፓችን የጠብ ሜዳ ሆነብኝ፤ ላጥፋው?

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 61 ነው። ጡረታ የወጣሁ የእንጨት ሥራ መምህር ነኝ። የምኖረው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ ሱሉልታ ጫፍ ላይ ነው። ከቤቴ ጀርባ ባሕር ዛፍ፣ ከፊቴ ሜዳ ነው። ጓሮዬ ውስጥ 11 ቀፎ አለኝ። የምተዳደረው በማር አይደለም፤ ንብ ስለምወድ ነው የያዝኳቸው። ጠዋት ቡናዬን ይዤ ቀፎዎቹ አጠገብ ካልተቀመጥኩ ቀኑ የጀመረ አይመስለኝም።

ከአራት ዓመት በፊት ከአንድ ልጅ ጋር ሆነን ለንብ ወዳጆች የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። ልጅ የምለው ስለምወደው ነው እንጂ 34 ዓመቱ ነው። ቡራዩ ነው የሚኖረው። የቀፎ ሥራ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስንጀምር 27 ነበርን። የሰበታ ሰው አለ፣ የሆለታ አለ፣ የሰንዳፋ አለ። አንዱ «አውራዋን አጣኋት» ብሎ የማር እንጀራውን ፎቶ አንስቶ ይልካል፤ ሌላው ፈልጎ ያገኝና በቀይ ከብቦ ይመልስለታል። አንድ አባት ነበሩ። መጻፍ ስለማይሆንላቸው በድምፅ ነበር የሚልኩት። ቀፎ እንዴት እንደሚታጠን፣ ወጥቶ ቅርንጫፍ ላይ ያረፈ ንብ እንዴት እንደሚያዝ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ባለፈው ዓመት አረፉ። ድምፃቸው ግን ግሩፑ ውስጥ አለ።

ዛሬ 870 ሆነናል። አንድ ሰሞን ሊንኩ በየቦታው ተበተነና በሳምንት ከ200 በላይ ሰው ገባ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተበላሸ። መጀመሪያ ኳስ ነበር። ቀጥሎ ሃይማኖት መጣ። ከዚያ ዜና ፎርዋርድ ማድረግ። አሁን ስለ ንብ ከተወራ ሰንብቷል። ሰው በስሙ እየተገመተ «አንተማ ከየት እንደሆንክ እናውቃለን» ይባላል።

በሰኔ ወር አንድ ማታ አንዲት ወጣት «ጉንዳን ቀፎዬን ወሮታል፣ እባካችሁ ምን ላድርግ?» ብላ ጻፈች። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር። በዚያው ሰዓት በአንድ ዜና የተነሳ ጭቅጭቅ ጦፎ ነበር። ጥያቄዋ ከመቶ በላይ መልእክት ሥር ተቀበረ። እኔም ጭቅጭቁን ስከታተል ሳላየው ቀረሁ። ጠዋት የባዶ ቀፎ ፎቶ ላከች። ሥሩ «ሄዱ» ብላ ጽፋለች። ይኼ ነገር እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ያን ማታ ያ ወዳጄ ራሱ ወገን ይዞ ሲከራከር ነበር። አድሚን ሆኖ! በውስጥ መስመር «ተው ልጄ፣ ይኼ የንብ ቤት ነው» አልኩት። «መምህር፣ እርስዎ ዝም ስለሚሉ ነው እንዲህ የሆነው። ዝም ማለትም ወገን መያዝ ነው» ብሎ መለሰልኝ። እኔም «ዝም አይነቅዝም» ብዬ ተውኩት። ይኸው ሁለት ወር ሆነን። እሱም አይደውል፣ እኔም አልደውል።

ባለቤቴ «ለጤናህ ስትል ውጣበት» ትላለች። ልጄ «አጥፋው» ትለኛለች። የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ማጥፋት እችላለሁ። ላጥፋው? ልውጣ? ወይስ ልታገሥ?

ንብ ወዳጅ፣ ከሱሉልታ

መልስ

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ማታ አንብቤ ጠዋት ደገምኩት። ሁለቱንም ጊዜ «ሄዱ» የምትለው ቃል ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። እርስዎም እዚያው ላይ የቆሙ ይመስለኛል።

ስለዚህ ከእሷ ልጀምር። ጉንዳን ማታ እንደሚመጣ፣ ማሩንም እጩንም ፈልጎ እንደሚገባ፣ ንቡም ሲጨንቀው እንጀራውን ጥሎ እንደሚሄድ ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። ነገሩ የአንድ ሌሊት ነው። ያን ማታ ልጅቷ የፈለገችው መልስ ደግሞ አጭር ነበር። ሣሩን አጽጂ፣ የቀፎውን መቆሚያ እግር ዙሪያ አመድ ነስንሺበት፣ እግሩን የተቃጠለ ዘይት ቀቢው። እርስዎ ይህን በእንቅልፍ ልብዎ ይመልሱት ነበር። ለዚህ ነው ያልወጣልዎ። የሚያውቁት ነገር ነበር፤ እጅዎ ላይ ነበር፤ አልደረሰም። ጸጸቱ ይገባኛል። ግን ያን ማታ እዚያ የነበሩት እርስዎ ብቻ አይደሉም። 870 ሰው ነበር። ሸክሙን ብቻዎን አይሸከሙት።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ላጥፋው፣ ልውጣ፣ ልታገሥ ብለውኛል። ደብዳቤው ውስጥ ግን እኔ የማየው ሦስት የተለያየ ሕመም ነው። ግሩፑ አንድ ነው። ልጅቷ አንድ ናት። የቡራዩው ወዳጅዎ ደግሞ ሌላ ነው። ግሩፑን ቢያጠፉት ከሦስቱ የትኛው ይሻርልዎታል? ልጅቷ መልስ ሳታገኝ ትቀራለች። ወዳጅዎም እንደተኳረፈ ይቀራል። የእኚያ አባት ድምፅም አብሮ ይሄዳል።

ስለ ድምፁ አሁኑኑ አንድ ነገር ያድርጉ። ምንም ይወስኑ ምን ከመወሰንዎ በፊት ያስቀምጡት። ቴሌግራም በኮምፒውተር ሲከፈት የግሩፑን ጽሑፍ፣ ፎቶና የድምፅ መልእክት በሙሉ ወደ ኮምፒውተሩ የሚያወርድ ትእዛዝ አለው። ልጅዎን ይጠይቋት፤ አይከብዳትም። «አጥፋው» ያለችው እርስዎ ሲናደዱ እያየች ስለተጨነቀች ይመስለኛል። አብረው ሲያወርዱ የሽማግሌውን አንድ መልእክት ያሰሟት። አባቷ ለምን እንደሚሳሳለት ያኔ ይገባታል።

አሁን ደግሞ ግሩፑ ለምን እንዲህ እንደሆነ ትንሽ ላውራዎት። ብዙ ሰው የሚያስበው ክፉ ሰዎች ገብተው አበላሹት ብሎ ነው። እኔ እንደዚያ አላየውም። ይኼ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም፤ የኢንተርኔትን ያህል ዕድሜ አለው። ፈረንጆቹ ዩዝኔት የሚሉት የውይይት መረብ ነበራቸው፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የተጀመረ። ሰዎች ስለ ሙዚቃው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ኮምፒውተሩ በየክፍሉ ይወያዩበት ነበር። አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። በየዓመቱ በእነሱ ሴፕቴምበር አዲስ ተማሪ ይገባና ለጥቂት ሳምንት ይረብሻል፤ ነባሮቹ ሥርዓቱን ያሳዩታል፤ ከዚያ ይረጋጋል። ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን የኢንተርኔት አገልግሎት የሚሸጡ ኩባንያዎች ደንበኛ በገፍ ይገባ ጀመር። አዲስ ሰው ማስተማር የማይቻል ሆነ። ነባሮቹም ያን ዘመን «የማያልቀው ሴፕቴምበር» አሉት።

እናንተ ጋም የሆነው ይኸው ነው። 27 ሳላችሁ አዲስ የገባውን ሰው «እንኳን ደህና መጣህ፣ ስንት ቀፎ አለህ?» የሚለው ነበር። በሳምንት 200 ሰው ሲገባ ማን ይበለው? የገባው ሰው ያየው የኳስ ክርክር ነው። የቤቱ ወግ ይኼ ነው ብሎ እሱም ተከራከረ። ነባሮቹ ደግሞ ደከማቸውና ዝም አሉ። የንብ ጥያቄ የሚመልሰው ሲጠፋ የሚጠይቀውም ጠፋ። ቦታውን የያዘው ሌላው ወሬ ነው።

አንድ ነገር ግን ላስተውል። ዜና ይዘው የሚመጡትን ሰዎች ሁሉ በአንድ ዓይን አልይ። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ሰው ተጎድቷል። የእናቱ ስልክ ለወራት አልነሣ ያለው ሰው አለ። ያ ሰው ስልኩን ይዞ አምሽቶ ያገኘውን ዜና ያገኘበት ቦታ ይለጥፈዋል። የሚሰማው ፈልጎ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ይኼ የንብ ቤት ነው» ብቻ ብለን ብንመልሰው ንቡን ከሱ ሐዘን ያስበለጥንበት ይመስለዋል።

ይህን ስል ግን ይቀጥል ማለቴ አይደለም። የሰውን ስም እያዩ ዘሩን መገመት በማንም ቤት የሚታለፍ አይደለም። ለዚህ ማስጠንቀቂያም አያስፈልገውም ባይ ነኝ፤ ያደረገው ሰው ያኑ ቀን ይውጣ። ስለ ሌላው ግን እድርዎን ያስቡ። እድር ውስጥ ሁሉም ዓይነት ሰው አለ። አብሮ ድንኳን ይተክላል፣ አብሮ ይቀብራል። ሐሳቡ አንድ ስለሆነ አይደለም፤ የተሰበሰበበት ጉዳይ ስለሚታወቅ ነው። ለቅሶ ቤት አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ክርክር ቢጀምር ምን ይደረጋል? ሰው ፊት አይሰደብም። አንድ ትልቅ ሰው ክንዱን ይዞ «ና እስቲ ወደ ውጭ» ይለዋል። ውጭ ወጥተው ይሰማዋል። ግሩፓችሁ ያጣው ይህን ክንድ የሚይዝ ሰው ነው። በግሩፑ ፊት ከመገሠጽ በውስጥ መስመር «ወንድሜ፣ ምን ሆነህ ነው? ለብቻችን እናውራ» የሚል።

ወዳጅዎን እንዲህ ቢሉት ኖሮ ምን ይል ነበር ብዬ አሰብኩ።

ስለ እሱ ትንሽ ረዘም አድርጌ ላውራ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። «ዝም ማለትም ወገን መያዝ ነው» ያለው ቆርጦዎታል። ለ61 ዓመት ሰው፣ ያውም ላስተማረው መምህር፣ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም። ይህን አልክድም። ግን ሥራ ቦታዎ ቁጭ ብላችሁ፣ መጋዙ አጠገብ፣ ዓይን ዓይንዎን እያየ ይለው ነበር? አይመስለኝም። ጆን ሱለር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ በ2004 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጽፏል። ሰው በስክሪን ሲነጋገር የሌላውን ፊት አያይም፤ መልሱም ወዲያው አይመጣም። ፊት ለፊት የሚይዘው ይሉኝታ በዚህ ምክንያት ይላላበታል ይላል። ወዳጅዎ ያን ዕለት የእርስዎን ፊት አላየም። እርስዎም የእሱን አላዩም። የጻፉለት «ተው ልጄ» ተግሣጽ ይሁን ልመና በምን ይወቅ?

ደግሞ፣ ጋሼ፣ ቅር አይበልዎትና፣ ከተናገረው ውስጥ አንዲት እውነት አለች። «ዝም አይነቅዝም» ጥሩ አባባል ነው። ሁለት ጎረቤት በማያገባዎ ነገር ሲጣሉ ዝም ማለት ያስከብራል። በገዛ ቤትዎ ግን እንግዳ እንግዳን ሲሰድብ አባወራው ዝም ካለ ተሰዳቢው ምን ያስባል? ምናልባት ወዳጅዎም ያን ማታ ስሙ የተነሳበት ወይም ቤተሰቡ የተነካበት ይሆናል። እርስዎ አንድ ቃል እንዲናገሩለት ጠብቆ ይሆናል። ላይሆንም ይችላል። የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ያን ማታ ምን እንደሆነ ጠይቀውት ያውቃሉ? እርስዎስ ያን ማታ ሊናገሩ ፈልገው የዋጡት ነገር ምን ነበር?

እኔም ከዓመታት በፊት የዳንቴል ሥራ የሚወዱ ሴቶች ግሩፕ ውስጥ ነበርኩ። ጠብ ሲበዛ አንድ ቀን ሳልናገር ወጣሁ። ጠቡ ተረሳኝ። ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር የነበረን ነገር ግን በዚያው ቀረ። ወጥቼ እንኳ ስልኳን ብደውልላት ኖሮ ብዬ ዛሬም ይቆጨኛል። ለዚህ ነው እርስዎን ይደውሉ የምለው።

ሲደውሉ ስለ ግሩፑ አያንሱ። ማን ልክ ነበርም አይበሉ። «ልጄ፣ ናፍቀኸኛል። እሑድ ቤት ነህ? እመጣለሁ» ቢሉት ይበቃል። ቡራዩ እንጦጦን ዞሮ ነው፤ ይህን ያህል ሩቅ መንገድ አይደለም። ቀፎዎቹን ያሳይዎት። ክረምቱን እንዴት እንዳለፉ፣ ስኳር በውሃ እየሰጣቸው እንደሆነ፣ በሶ አስቀምጦላቸው እንደሆነ ይጠይቁት። ቡና ሲፈላ ነገሩ ራሱ ይመጣል። ሲመጣ «ያን ማታ ምን ሆነህ ነበር?» ብለው ይጠይቁትና ይስሙት። ቆርጦዎት ከነበረም ይንገሩት። መምህሩ መሆንዎ መጎዳትዎን እንዳይናገሩ አይከለክልዎትም።

ከተነጋገራችሁ በኋላም አድሚን ሆኜ እከራከራለሁ ካለ ይህኛው ሥራ ከእሱ ላይ መነሣት አለበት። በስልኩ ድንገት እንዳያየው ግን። ፊት ለፊት ነግረውት፣ ምክንያቱን አስረድተውት ይሁን።

ግሩፑን በተመለከተ የማዘነብለው ላለማጥፋት ነው። ለብቻዎ ግን አይጀምሩት። ከ27ቱ ነባሮች አምስት ስድስቱን በስልክ ያግኟቸው። በየተራ አንድ አንድ ቀን የሚጠብቅ፣ የንብ ጥያቄ ሲመጣ ሳይውል ሳያድር የሚመልስ ሰው ይሁኑ። ይህ ከየትኛውም ሕግ ይበልጣል። ጥያቄ የሚመለስበት ቤት መሆኑ ሲታወቅ ጠያቂው ይመለሳል። ከዚያ ቴሌግራሙ የሚረዳዎት ነገር አለ። ግሩፑን በርዕስ መከፋፈል ይቻላል፤ «አስቸኳይ ጥያቄ» የሚል ክፍል ለብቻው ይክፈቱ፣ ሽያጩንም ለብቻው። ያኔ የጉንዳን ጥያቄ በጭቅጭቅ አይቀበርም። ስለ ፖለቲካ የሚወራበት ክፍል ግን አይክፈቱ፤ ጠቡን ቤት ሠርቶ ማስቀመጥ ይሆናል። በአጠቃላዩ ክፍል አንድ ሰው በተከታታይ እንዳይጽፍ የሚያዘገይ ማስተካከያም አለ፤ ሁለት ሰው ተያይዞ ሲጋጋል ያበርደዋል። ሊንኩንም አዲስ ገቢ በእናንተ ፈቃድ ብቻ እንዲገባ ያድርጉት። ሲገባም ያን የድሮውን ጥያቄ ይጠይቁት፤ ስንት ቀፎ አለህ?

ብዙዎች ግሩፕ ማታ ማታ ይዘጋ ብለው ይመክራሉ። ለእናንተ አይሆንም። ጉንዳኑ የሚመጣው ማታ ነው።

ሕጉንም አያርዝሙት። እዚህ የተሰበሰብነው ለንብ ነው፣ የሰው ማንነት አይነካም፣ ሌላ ወሬ ያለው በውስጥ ያናግረኝ። ይኸው ነው። አይጻፉት፤ በራስዎ ድምፅ ቀድተው ከላይ ይስቀሉት። እኚያ አባት ሲናገሩ ሁሉም ያዳምጥ የነበረው ቋንቋቸው ስላማረ ብቻ አይመስለኝም። ድምፅ ውስጥ ሰው አለ።

እስከ ኅዳር ማር ቆረጣ ድረስ ይሞክሩት። ያኔም ካልሆነ ለእነዚያ ለ27ቱ አዲስ፣ ትንሽ ግሩፕ ይክፈቱና ትልቁን ለሚፈልገው ይተዉለት። ይህ ሽንፈት አይደለም። ንብም ቀፎው ሲጠበው አውራውን ይዞ ይወጣል።

የባለቤትዎንም ቃል ችላ አይበሉት። ማታ ማታ ጭቅጭቅ ማንበብ እንቅልፍ ይነሳል፤ እሳቸው ያዩት ያንን ነው። ተራዎ ባልሆነ ቀን ማሳወቂያውን ያጥፉትና ስልኩን ሳሎን ትተውት ይተኙ።

አንድ ነገር ግን እስከ እሑድ አይጠብቅም። ያች ልጅ «ሄዱ» ካለች በኋላ ማን ምን እንዳላት አልነገሩኝም። ማንም ምንም ያላላት መሰለኝ። ዛሬ ማታ በውስጥ መስመር ይጻፉላት። ሳያዩት እንደቀሩ ይንገሯት። እንጀራው እስካሁን ባዶው ቀፎ ውስጥ ካለ ትል ሳይጨርሰው እንድታወጣው፣ መቆሚያውንም ዘይት እንድትቀባ ይንገሯት። አደይ ሲፈነዳ ከ11 ቀፎዎ አንዱ መንጋ ቢያወጣ እንደሚይዙላትና ቀፎዋን አጥና እንድትጠብቅ ይንገሯት።